አንደኛ የወጣው አልጋ

አናጢው ልጅ ሳለ አባቱ ለጎረቤታቸው፣ «ከፊት ያልተደረደረ ዕቃ ማን ያየዋል?» ሲሉ የሰማ ይመስለዋል፤ የጎረቤትየውን መልስ ግን ረስቶታል።

አሁን የሕፃን አልጋ የሚሸጥበት ድረ ገጽ በኢንተርኔት ፍለጋ መጨረሻ ላይ ወድቆ፣ ሥራው ሊዘጋ ነው። ሚስቱ፣ «የምን ደረጃ! ሰው በሰው ነው የሚገዛው» ትለዋለች።

አንድ ጠዋት ገጹ አንደኛ ወጣ፤ ስልኩም ይጮህ ጀመር። ገጹ ላይ፣ ባዶውን ባነሳው የአልጋ ፎቶ ውስጥ ጨቅላ ልጁ ተኝታ ጣቷን ትጠባለች። ዞር ሲል፣ ጥንካሬውን እንደ ልማዱ ሊሞክር ባስተኛት በዚያው አልጋ ላይ እንዲሁ ትጠባለች።

ብድግ አድርጎ አቀፋት። ወዲያው የፎቶው አልጋ ባዶ ሆነ፤ ገጹ ወደ መጨረሻው ወረደ፤ ስልኩ ጸጥ አለ።

«የፈጣሪ ያለህ! ገጹን ዝጋው!» አለች ሚስቱ።

«ዘግቼ ምን እንበላለን?»

ልጅቷን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች።

«እሺ፣ ለዛሬ ብቻ» አለችና አልጋው ላይ መልሳ አስተኛቻት።