ወንፊቱና ድፍኑ

«ለዓይን ክዳን ሰጠው፤ ለጆሮ ግን ነሳው። ለምን ይመስልሃል?» ብለው ነበር የኔታ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ዳባት ከነተክለ ማርያም ቤት ደጃፍ ቆመው። የተጠየቀው የተክለ ማርያም አባት ነው። ተክለ ማርያም ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጋቢ ተከናንቦ መደብ ላይ ተኝቶ ይሰማል። አባቱ የመለሰውን ግን በረዶው ቆርቆሮውን እየደበደበ ነጠቀው። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ጥያቄዋን ይዞ፣ መልሷን ሳይዝ ኖረ። ለሚስቱ ለታንጉት ስንት ጊዜ እንደነገራት እሱም አያውቀው።

ዛሬ፣ ደባርቅ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ታንጉት መለሰችለት።

«ክዳን አበጀህለታ!» ከጆሮው ላይ መንጭቃ ያወጣችው ሄድፎን በእጇ ተንጠልጥሏል። «እግዜር የነሳውን አንተ አበጀህለታ! ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳባውን አልብሶት የተቀመጠ ሰው ግን ዛሬ በዓይኔ አየሁ!»

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?»

«ተነስ! እናትህ መሬት ላይ ናቸው!»

እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ በአልጋቸውና በበሩ መካከል፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የተላጠ ክርናቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠዋል። ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ደግፈው፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ፣ አልጋው ላይ መለሷቸው።

ታንጉት ለአራት ወር ከእማሆይ አጠገብ ርቃ አታውቅም። ዛሬ በማለዳ አምባ ጊዮርጊስ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ስትወጣ የተናገረችው አንድ ነገር ነበር፤ «ሌላ ምንም አልልህም፤ ጆሮህ ከእማሆይ ዘንድ ይሁን።»

እሱም ይሁን ብሎ ነበር። ግን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሄድፎን ተቀምጧል። መናኸሪያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ሙሰዓብ ነው የሰጠው። «ጋሼ ተክሌ፣ የቤት ማዳመጫ ሱቅ ውስጥ አይመረጥም። ሁለቱንም ይውሰዱና ቤትዎ ይሞክሯቸው፤ ያልወደዱትን ይመልሱልኛል» ብሎ። አንደኛው ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ሌላው ድፍን፣ ጥቁር ቆዳ የለበሰ።

ጠዋት ወንፊቱን አጠለቀ። ከስልኩ የየኔታ ሃብተ ጊዮርጊስ ዜማ መጣ፤ የጎረቤት ዶሮና የባጃጅ ጡሩምባም አብሮ መጣ። ረፋዱ ላይ ወደ ድፍኑ ዞረ። ዓለም ጸጥ አለች። ከሠላሳ ዓመት በፊት በካሴት የተቀዳ፣ ልጁ ኤልሳቤጥ ወደ ስልኩ የገለበጠችለት ድምፅ ነው፤ የኔታ ትንፋሽ የሚስቡበት እንኳ ተሰማው። ከዚያ ከድምፁ ኋላ፣ ከሩቅ፣ ቀጭን የሰው ድምፅ ሰማ። ተቀባይ! እስከዛሬ ያላስተዋለው የዜማ ተቀባይ! መልሶ አጫወተው፤ ቦታው ላይ የለም። ቆየና ሌላ ቦታ ላይ ተሰማው። አማተበ፤ ደስታው እንባ ሊያወጣው ደረሰ፤ ድምፁን ጨመረ።

ያ ተቀባይ እናቱ ነበሩ።

«ስንቴ ጠሩት፣ እማሆይ?» አለች ታንጉት፣ ክርናቸውን በለብታ ውኃ እያጠበች። «ይንገሩት እንጂ! ስንቴ?»

«በቃሽ!» አለ። ቁጣው ከየት እንደመጣ አላወቀም። «አንድ ቀን ነው! ድጓውን ሳልጨርስ ከቆሎ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ የቀረችኝ ይህች ናት። አንድ ቀን ልስማ ብል!»

«የእኔስ አንድ ቀን? እህቴን ውኃ እንኳ ሳላጠጣት የተመለስኩት ልቤ አላርፍ ብሎኝ ነው። አላርፍ ያለው ለካ እውነቱን ኖሯል!» ፎጣውን ሳህኑ ውስጥ ወረወረችው። «ሁለቱም ይመለሳሉ! ዛሬውኑ! ራሴ ወስጄ ሙሰዓብ ፊት እጥልለታለሁ!»

«የኔታን ምን አደረግኻቸው?» አሉ እማሆይ።

ሁለቱም ወደ አልጋው ዞሩ።

«ጠዋት ነበሩ። ከግድግዳው ወዲያ፣ ቀጠን ብለው። ጆሮዬን ጥዬ ስሰማ ቆየሁ፤ ድንገት አፋቸውን ያዝህባቸው። አትዝጋው ብዬ ነው የጠራሁህ። ብትደነቁርብኝ ጊዜ ተነሳሁ።»

ተክለ ማርያም ወንፊቱን አሰበ። ለካ ሲያስገባ ብቻ አይደለም፤ ሲያፈስም ውሏል።

«እማሆይ፣ የስልኩ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ነው እኮ...»

«ተወኝ!» እናቱ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ከሰማ ዘመን የለውም። «እግሬ ከቤተ ስኪያን ከቀረ ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት የኔታን ኪስህ ይዘህ፣ እዚሁ ቤት፣ እኔ ከጎንህ ተኝቼ! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብዬ አይደል ያሳደግሁህ?»

ማዳመጡን ጸሎት ነው ይለው ነበር፤ ለብቻው መብላት ይሆናል ብሎ አንድ ቀን አላሰበም። ወንፊቱን ከነስልኩ አመጣ።

«ቆቤን አላወልቅም።»

«አያውልቁ።»

በቆባቸው ላይ አጠለቀላቸው። የኔታ ጀመሩ። የእማሆይ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ እንደ መቋሚያ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። እሱ ከአልጋው እግር ስር መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በቀዳዳው የሚያመልጠውን ሊለቅም አንገቱን አስግጎ።

«ታንጉቴ» አሉ እማሆይ፣ የራሳቸው ድምፅ ስለማይሰማቸው ጮክ ብለው፣ «ይኸኛው ይቆይልኝ።»

ታንጉት ከበሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ድፍኑን እንደታረደ ዶሮ በገመዱ አንጠልጥላ። ባሏን አየችው፤ ፊቷ አልበረደም። ከንፈሯን መጠጠች፤ ድፍኑን ካርቶኑ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ ነጠላዋን አጣፋች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ፣ ለእሱ ሳይሆን ለእማሆይ፤ «ይኼን ብቻ እመልሳለሁ።»