ቀይ ቀለም የጠጣ ኩሽኔታ

ማቴዎስ የወፍጮ ቤቱን በር ሳይከፍት ድምፁን ሰማ። ትልቁ ወፍጮ እያቃሰተ ነበር። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ዘይት ሲያጣ የሚያሰማውን ያንን ቀጭን ሲጥሲጥታ የዱቄት ፋብሪካው የጥገና ኃላፊ ሆኖ አይስተውም። ሮጦ ገባ፤ ገብቶም ክው ብሎ ቀረ።

ወፍጮው ቀይ ሆኗል። ከእግሩ እስከ አናቱ፣ ከሞተሩ እስከ ዱቄት መውረጃው ያብረቀርቃል። እሱ መለዋወጫ ፍለጋ ሻሸመኔ ወርዶ ባዶ እጁን እስኪመለስ ድረስ ዱራሜ ውስጥ ለአብዮት በዓል ያልተቀባ ነገር አልቀረም። የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀብቷል፣ የባሕር ዛፉ ግንድ ኖራ ተቀብቷል፤ ዝም ብሎ የቆመ አህያ ቢገኝ እሱም አይተርፍም ነበር። ወፍጮው ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነውና ቀይ ደረሰው። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ግን ከአቀባብም ይቀደዳል። ቀቢዎቹ ብሩሻቸውን ሲያሳልፉ የኩሽኔታውን የዘይት ቀዳዳ ጭምር ደፍነውታል።

«እኔ ብያለሁ፣ ጋሼ ማቴዎስ» አለ ዘይት አጠጪው ጠና፣ የዘይቱን ጣሳ እንደያዘ። «ይቺን ቀዳዳ ብቻ ተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አብዮቱ ቀዳዳ የለውም አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አላጠፋኸውም?»

«እኔ ማጥፊያውን ነክቼ ልጆቼን ማን ያሳድግልኝ?»

ፍርሃቱ ከምን እንደመጣ ማቴዎስ ያውቃል። ከእሱ በፊት የነበረው የጥገና ኃላፊ አበራ ይባላል። አምና የሞተሩ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ወፍጮው ሲቆም «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወደ ሆሳዕና ወሰዱት። ቺንጋው የተበጠሰው አርጅቶ ነው፤ ስሙ ግን የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለ። ሚስቱ አስናቀች እስከ ዛሬ ስንቅ ታመላልሳለች። ቦታው ለማቴዎስ ሲሰጠው ደስ አላለውም፤ እምቢ የሚልበት አፍም አልነበረውም።

ከኪሱ ምስማር አውጥቶ ቀለሙን ይፍቅ ጀመር። ላዩ ተላጠለት። ወደ ውስጥ የወረደው ግን ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የኩሽኔታው ቤት ግሎ እጅ አያስነካም። ፈትቶ ማጽዳት ነበረበት፤ ለመፍታት ደግሞ ማቆም ግድ ነው።

«ምን ልትሠራ ነው? ቀለሙን ልታበላሸው ነው እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሰይፈሥላሴ ነበር። ካኪውን አስተኩሶ ለብሷል፤ ላብ ግን ከወዲሁ ብብቱን አርሶታል።

«ጓድ፣ የዘይቱ ቀዳዳ ተደፍኗል። እናቁመውና ላጽዳው። እንዲህ ከዞረ ኩሽኔታው ይቃጠላል፣ ዘንጉም ይሰበራል።»

«የበዓሉ እንግዶች አዲሎ ከተማን አልፈዋል ተብሎ ተደውሏል። አሁን ከች ይላሉ። የቆመ ወፍጮ ላሳያቸው?»

«ከተቃጠለ ምትክ የለውም። ሻሸመኔን አንድ ሱቅ ሳይቀረኝ አስሼ ነው የመጣሁት። ይሄ ከቆመ እኮ አገሩ ዱቄት አያገኝም!»

ሰይፈሥላሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው መጥላት ይቻላል። በሩን ገልመጥ አድርጎ ወደ ማቴዎስ ጆሮ ተጠጋ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ካቆምከው አሻጥረኛ ነህ። እኔም አብሬህ ነኝ። እነሱ እስኪሄዱ ብቻ ይዙር።»

«እነሱ እስኪሄዱ አይቆይም፣ ጓድ።»

«እንግዲህ የጸሎት ቤታችሁ ቢታሸግም መጸለይ እንዳልተውክ አውቃለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ። «በሆድህ ጸልይ።»

ውጭ የላንድሮቨር ጥሩምባ ተሰማ።

ሠራተኛው ተሰለፈ፤ የግራ እጅ እየተነሣ መፈክር ወረደ። ማቴዎስም እጁን አነሣ። አፉ ይጮኻል፤ ጆሮው ግን ከወፍጮው አልተነቀለም። አንድ እርምጃ ተራምዶ ማጥፊያውን መጫን ነበር የሚያስፈልገው። እግሩ እምቢ አለው። ማልቀስ አማረው፣ እንደ ሕፃን ልጅ።

የእንግዶቹ አለቃ ደንዳና፣ ሣቂታ ሰው ነበር። ወፍጮውን ከላይ እስከ ታች አይቶ የአዲሱን ቀለም ሽታ በደስታ ሳበ።

«ንብረት እንዲህ ሲያዝ ነው የሚያምር! የጥገና ኃላፊው ማን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ማቴዎስ ዞረ። ወጣ። እንግዳው በሰፊ መዳፉ ትከሻውን ይዞ ፊቱን ወደ ሠራተኛው፣ ጀርባውን ወደ ወፍጮው አዞረው።

«ተመልከቱት ይህን ጓድ! እንዲህ ያለ ሰው ባለበት አሻጥር ቦታ የለውም!»

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ከማቴዎስ ጀርባ ሲጥሲጥታው ቆመና ወፍራም ጉርምርምታ ተተካ። ዘንጉ የኩሽኔታውን ብረት መብላት ጀምሯል። እንግዳው ጣቱን ቀሰረ።

«ስሙት እስቲ! እንዴት እንደሚያገሳ!»

ሠራተኛው እንደገና አጨበጨበ። «የጥገና ኃላፊው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬውኑ፣ ከዚሁ አፍ ተመልሶ እንደሚመጣ ማቴዎስ ያውቃል። ያኔም ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚዞረው። አንገቱን ወደ ኋላ መለስ ሊያደርግ ሞከረ፤ በትከሻው ላይ ያለው መዳፍ በፍቅር ጠበቅ አደረገው።

ፊት ለፊቱ የቆመው ጠና ግን ያያል። ከማቴዎስ ትከሻ በላይ፣ ከኩሽኔታው በሚወጣው ጭስ ላይ ዓይኑ ተተክሏል። ሌላው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ ቀስ ብሎ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው፣ ቆቡን ከራሱ አወለቀ።