የተኳሹ እግር

የአየር መቃወሚያ መድፉ ተኳሽ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ፣ እግሩ ሳያስፈቅደው የመተኮሻውን ፔዳል ረገጠ። ጦርነቱ ካበቃ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር፤ ከደመናው የወጣው የመንገደኞች አውሮፕላን መሆኑን ያየው ከረገጠ በኋላ ነው። ክው አለ። መድፉ ግን ቀጭ አለና ዝም አለ፤ አውሮፕላኑም ጎማውን ዘርግቶ ወደ ማረፊያው ወረደ።

«ጥይቱስ?» አለ ተኳሹ፣ ላብ አጥምቆት።

«ጠዋት አውጥቼዋለሁ» አለ ጥይት አጉራሽ ጓደኛው። «አንተ የእርቁን ወሬ ሰምተሃል፤ እግርህ ግን ገና አልሰማም ብዬ።»

ተኳሹ ከመቀመጫው ወርዶ ጫማውን አወለቀና እግሩን ፀሐይ ላይ ዘረጋው። አጉራሹ አፍንጫውን ያዘ።

«ኧረ ጉድ! ይሄስ ከመድፉ ይብሳል!»

እየተሳሳቁ ሳለ ሌላ አውሮፕላን በላያቸው አለፈ። እግሩ ንቅንቅ አላለም።