የታውኖ ቦታ

የፊንላንዷ ከተማ የሚኬሊ ቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ሰባት ናቸው። ሐይቁ ዳር ያለውን የተዘጋ የወተት ፋብሪካ በጋራ ተከራይተው ዕቃቸውን እዚያ ያኖራሉ። የአንዱ ድምፅ ማጉያ ቢቃጠል የሌላውን ይዞ ይሄዳል፤ ክር ቢበጠስበት ከግድግዳው ላይ የፈለገውን ያወርዳል። ጥገናው ከሰባቱ የአንዱ፣ የቬይዮ ነው። ቬይዮ ጊታር ሲፈታ ዓሣ የሚያጸዳ ይመስላል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ።

ሕጋቸው ሁለት ነው። አንዱ መጫወት ሲያቅተው ሌላው ይተካለታል፣ ቦታውን ግን አይወርስበትም። የተካ ሰው ደግሞ ስለ መተካቱ ትንፍሽ አይልም። በዋለው ውለታ የሚጀነን ሰው አይወዱም።

ታውኖ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከሰባቱ ትልቁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሂልካ ባንድ ውስጥ ተጫውቷል። ሂልካ አኮርዲዮን ተጫዋች ናት፣ ባንዱም የእሷ ነው። ሙቀቱ ሲመጣ በየሐይቁ ዳር ባሉት የእንጨት አዳራሾች ታንጎ ይጫወታሉ፣ አገር ይደንሳል። ታውኖ ሚስትም ልጅም የለውም። ከከበሮው በስተግራ ያለችው አንዲት እርምጃ ወለል፣ በዚህ ዓለም ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ጊታሩ መታመም የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በበረዶው ወራት ነው። ያን ሰሞን የታውኖ ግራ እጅ ሁለት ጣቶች ይበርዱት ነበር፤ ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ጣቱ የማይበርደው ማን አለ! ቤቱ ሲለማመድ ክሩ ይንኳኳል፣ ድምፁ ይታፈናል። ወደ ቬይዮ ወሰደው። ቬይዮ አገላብጦ አየው፣ ራሱም ጥቂት ተጫወተበት። እንደ ደወል ጠራ። ከዚያ ቀና ብሎ ታውኖን አየው።

«እስከ ነገ እኔ ጋ ተወው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ገመዱንም ማጉያውንም የማሰናዳልህ እኔ ነኝ። ዳንስ ሲኖር አብሬያችሁ እመጣለሁ።»

«ሥራ ፈታህ እንዴ አንተ ሰውዬ?»

«ፈታሁ በለኝ።»

እውነትም መጣ። በየዳንሱ ገመዱን ይዘረጋል፣ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም፣ ከዚያ መጋረጃው ጀርባ ይገባና እስኪያበቃ አይወጣም። መድረክ ላይ ጊታሩ ይዘምራል። ቤት ሲገባ ያነክሳል።

ታውኖ ሞኝ አይደለም። መድረክ ላይ ጤነኛ፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ፤ በመሃል የሚነካው ደግሞ ቬይዮ ብቻ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አንዴ ከጠረጠሩ ማስረጃ አይጠፋም። ቬይዮ ይጫወትበት ከነበረው ባንድ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የጣቱ ጫፍ ግን እንደ ቁርበት ደድሯል። ሲሠራ የሚያፏጨው የሂልካን ዘፈኖች ነው፤ ያውም ዜማውን ሳይሆን የቤዙን ክፍል። የራሱንም ጊታር መኪናው ላይ ሳይጭን ዳንስ አይመጣም። ታውኖ የወደቀ ዕለት ዝግጁ ሆኖ ለመገኘት ነዋ!

ለሂልካ ነገራት።

«ጊታሬን እያበላሸ ቦታዬን እየጠበቀ ነው።»

«ማን?»

«ቬይዮ ነዋ!»

ሂልካ አኮርዲዮኗን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። «ታውኖ፣ አንተ ቆመህ ተጫወት። ቬይዮን ለእኔ ተወው።»

እሷንም በእጁ አስገብቷታል ማለት ነው። ታውኖ ያን ሳምንት እህል አልቀመሰም።

ከዓመቱ ዳንስ ሁሉ ትልቁ የሰኔው፣ ሌሊቱ የማይጨልምበት የዩሃኑስ በዓል ነው። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰባቱ ፋብሪካው ውስጥ ቋሊማ እየጠበሱ ሳለ ታውኖ ብድግ አለ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጊታሬን ስታበላሽ፣ ስትጠግን፣ ስታበላሽ! እኔን ጥለህ ልትቆምበት!»

ቬይዮ ቋሊማውን አገላበጠ።

«ተናገራ! እስቲ ጣትህን አሳያቸው! የማንን ቦታ ነው የምትለማመደው?»

ሁሉም አዩት። ቬይዮ ጣቶቹን ጨበጠ።

«ዓሣ ሳጠምድ ነው በልና እንመንህ» አለ ፔንቲ፣ የቡድኑ ቀልደኛ። ማንም አልሳቀም።

«ታውኖ» አለ ቬይዮ በመጨረሻ። «ለዩሃኑስ ብቻ ልምጣ። ከዚያ ወዲያ አታየኝም።»

«አያችሁት? ዓይኑን በጨው አጥቦ!»

የፋብሪካውን ቁልፍ ተቀበሉት። ቬይዮ በሩ ላይ ዞር ብሎ የታውኖን እጅ አየ እንጂ ፊቱን አላየም። ሃያ ዓመት አብሮ የበላን ሰው እንዲህ መሸኘት መራራ ነው፤ ታውኖ ግን ያን ቀን ጣፈጠው።

የበዓሉ ዕለት አራት መቶ ሰው መጣ። በአዳራሹ በር እንደ ወጉ የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ ቆሟል፣ ሐይቁ ያበራል። ታውኖ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገመዱን በገዛ እጁ ዘረጋ። እየተንቀረፈፈም ቢሆን ጨረሰ። ሂልካ አኮርዲዮኗን አንግታ ወደ መድረኩ ወጣች።

«ይሄን ማን ዘረጋው?»

«እኔ። ያን ሰውዬ አባረርነው። ከእንግዲህ ከኋላዬ የሚያደባ የለም፣ ተመስገን።»

ሂልካ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች። ባዶ ወንበር ነበር። አኮርዲዮኗን እንደታቀፈች እሱው ላይ ቁጭ አለች። ታች ሕዝቡ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቆሞ ያጨበጭባል።

«ምነው ሂልካ? ተነሺ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀን ነው!»

«ታዲያ ዛሬ፣ ታውኖ» አለች፣ «ማን ተደብቆ ሊጫወትልህ ነው?»