የነዳጅ ሰልፍ

ለሽርሽር በሄዱበት ኬፕታውን የተከራዩትን መኪና ነዳጅ ሞልተው ማስረከብ ነበረባቸው፤ በረራቸው ከሰዓት ነው። ባልየው ግን ማደያ ባየ ቁጥር ሳይቆም ያልፋል።

«አንተ፣ ምን ነካህ? ማደያ እኮ ነው!» አለች ሚስቱ።

«ሰው ያልተሰለፈበት ማደያ ምን ነዳጅ ይኖረዋል? አዲስ አበባ አይደለም እንዴ የምትኖሪው?»

የነዳጁ ቀይ መብራት ቦግ ሲል፣ መንገድ ዳር መብራታቸውን አብርተው የተሰለፉ መኪኖች አየ። «ይኸውልሽ!» ብሎ ከመጨረሻው ኋላ ተለጠፈ። ወዲያው ሌላ መኪና ከኋላው ገባ። ሰልፉ ዝግ ቢልም ይንቀሳቀሳል።

«አየሽ የሰው አገር ሥርዓት? ግፊያ የለ፣ ጥሩምባ የለ!»

ኩርባውን ታጥፈው፣ አንድ ሰፊ በር አልፈው ሲቆሙ፣ ከሰልፉ ፊት ካለው ጥቁር መኪና የሬሳ ሣጥን ወረደ።

ሚስቱ ሻርፗን ለቅሶ እንደደረሰ ሰው አዘቅዝቃ ለበሰች። እሱ በድንጋጤ ዘሎ ወርዶ፣ ከኋላው ያለው ሹፌር መንገድ እንዲለቅለት በእጁ ተማጸነ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ።

«ወንድሜ» አለው በአማርኛ፣ «ቤንዚኑ አለቀ አሉ እንዴ?»