ስወረውር እይኝ

ከልጅነቱ ጀምሮ የቴክሳስን ሰማይ በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ሲወጋ ያደገው ኳርተርባክ (የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ)፣ ኮሌጅ ገብቶ አራት ዓመት ሙሉ የተጠባባቂ ወንበር ሲያሞቅ ኖረ። እናቱ አንገቱ ይሰበራል ብላ ስለምትፈራ ጨዋታ አይታ አታውቅም። ለመጨረሻው ግጥሚያ ግን «እማዬ፣ አንዴ እንኳ ስወረውር እይኝ» ብሎ ለምኖ አመጣት።

ቡድኑ እየመራ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ አሠልጣኙ ጠራው።

«ግባ! ደግሞ እንዳትወረውር። ኳሱን ይዘህ ተንበርከክ፤ ማንም አይነካህም፣ ሰዓቱ ይለቅ።»

ገብቶ ተንበረከከ። ፊሽካ ተነፋ፤ አሸነፉ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ወደ እናቱ አዘገመ።

እናቱ አጠገቧ የተቀመጡትን ሰውዬ ትከሻ ይዛ ትነቀንቃለች።

«የኔ ልጅ ነው! እነዚያ ቀኑን ሙሉ ሲላተሙ ዋሉ፤ እሱ ገብቶ አንዴ ተንበርክኮ ቢጸልይ፣ ጠቡ በረደ!»