በደብዳቤ ያልተባለው

ራንዲ የዓሣ ሆድ ቀድዳ አንጀቱን ስትጎለጉል የሰው ጥላ እጇ ላይ አረፈ። ቀና ስትል ሃልቮር ነው። ስምንት ዓመት ከአሜሪካ ሲጽፍላት የኖረው እጮኛዋ፣ ዛሬ ጠዋት ከበርገን ወደብ በመጣው መርከብ ወርዶ እዚህ ቆሟል።

“በረዶው ሲቀልጥ መጥቼ እወስድሻለሁ” ብሎ ጽፎላት ነበር። ፀጉሩ ሳስቷል፤ የፊት ጥርሱ ጎድሏል። እሷም የያኔዋ ራንዲ እንዳልሆነች ከዓይኑ አወቀች።

ጀልባ ማሳደሪያው ግድግዳ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወረቀት ላይ ወሬ የማያልቅባቸው ሰዎች ሲገናኙ አፋቸው ተሳሰረ።

“መንገዱ እንዴት ነበር?”

“ረጅም ነው።”

“እህል ቀመስክ?”

“መርከቡ ላይ ዳቦና አይብ።”

ራንዲ ክረምቱን ሙሉ ስታብሰለስል የከረመችውን ተነፈሰችው። “ሃልቮር፣ እኔ አሜሪካ አልሄድም። እናቴ አልጋ ከያዘች ቆየች። የማገላብጣትም የማጎርሳትም እኔ ነኝ።”

“ደህና ናት ስትዪኝ አልነበር?”

“ልብህ እንዳይሸሽ ብዬ ነው።”

አልተቆጣም። መሬት መሬት እያየ፣ “እርሻውን ሸጥኩት” አለ።

“የቱን? ስንዴው እስከ ደረት ይደርሳል ያልከኝን?”

“እሱን። የደረሰው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ አንበጣ መጣ። በዓመቱም ተመልሶ መጣ። የአካፋውን እጀታ ሳይቀር ነው የጋጠው።”

“አንድም ቀን አልጻፍክልኝም።”

“ሰው ለእጮኛው ስለ አንበጣ ይጽፋል?”

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ሳቁ እንኳ አደከማት።

“እና አሁን ምን ልታደርግ ነው?”

“እንጃ። የምወስድሽ ቦታ የለኝም። ይህንን ደግሞ በወረቀት ልነግርሽ አልሆንልህ አለኝ። በዚያ ላይ ደክሞኛል፣ ራንዲ።”

“እኔም ደክሞኛል።”

ሁለቱም ባሕሩን ማየት ጀመሩ። ማዶ ያለው ተራራ ጫፉ ላይ ገና በረዶ አለ።

“እናትሽ ትከብዳለች?” አላት ድንገት።

“እ?”

“ስታገላብጫት።”

“ትከብዳለች።”

“እንግዲያው ለሁለት ብናገላብጣት ይሻላል።”

 ራንዲ ልትመልስለት ስትዞር ሃልቮር ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀስ እያለ አዘነበለና ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

እጇ በዓሣ ደም እንደተጨማለቀ ነው። ኮቱን እንዳታቆሽሽበት ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ፣ እንዲመቸው ትከሻዋን ዝቅ አደረገችለት።